ማልቀሱን ትቷል፤ ነጠላው ግን ከምስማሩ አልወረደም

ጥያቄ፦ መምህር፣ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እኖራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከባድ የድባቴ ሕመም አለብህ ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ አምስት ወር ሆኖታል። እንቅልፉ ተመልሷል፣ ማልቀሱንም ትቷል። ነገር ግን ጎረቤት ቡና ሲጠራ አይወጣም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታ የነበረው ልጅ ቤተ ክርስቲያን ከቀረ ቆይቷል፣ ነጠላውም ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ አቧራ ጠጥቷል። እናታችን «መድኃኒቱን ትቶ ጸበል ይግባ» ትላለች። መድኃኒት መውሰዱ የእምነት ጉድለት ነውን? ጾሙንስ ካልቻለ መቁረብ ይችላልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከጥያቄዎ ሁሉ ልብ የሚነካው ነጠላውን ማየትዎ ነው። ብዙ ቤተሰብ ልቅሶው ሲቆም ሕመሙም ያለቀ ይመስለዋል፤ እርስዎ ግን የሕመሙ ምልክት መቀነስና የሰው ኑሮ መመለስ አንድ እንዳልሆኑ አስተውለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም የኑሮን ደኅንነት ሲመዝን አካልንና ስሜትን ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነትና የሚኖርበትን አካባቢም ይጨምራል፤ ሰውየው ራሱ ኑሮውን ከባህሉና ከተስፋው አንጻር እንዴት እንደሚያየው ይጠይቃል። የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ዕድርተኛውና ማኅበርተኛው በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ ይህ የግንኙነትና የአካባቢ ነገር ለእኛ ለአራዳ ሰዎች ቀላል አይደለም።

በመዝሙር 41 (በሌላው አቆጣጠር 42) መዝሙረኛው «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ ከዚያ በፊት ያለውን ግን ችላ እንለዋለን። እዚያ ላይ መዝሙረኛው ነፍሱን የሚያፈስሰው በዓል ከሚያከብረው ሕዝብ ጋር በደስታና በምስጋና ድምፅ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረበትን ጊዜ አስታውሶ ነው። የጠፋበት ከሰው ጋር መሄዱ ነበር። ከበሮውን የተወ ልጅ ይህን መዝሙር ከእኛ ይልቅ ሳይረዳው አይቀርም።

ስለዚህ «ሰነፍክ» አይበሉት። አባቶች ሀኬትን ከኃጢአት ይቆጥሩታል፤ ሀኬተኛ ግን ከቅዳሴ የሚቀረው ሌላ የሚጥመውን ሽቶ ነው። በድባቴ የተያዘ ሰው ምንም አይጥመውም፤ ይወደው የነበረው ራሱ አይጥመውም። ሕመሙ ያልሠራውን በደል ሁሉ በራሱ ላይ እየቆለለ ስለሚያስጨንቀው፣ «ንስሐ ስላልገባህ ነው» የሚለው ቃል ቁስሉ ላይ ጨው ነው። (በሰፈራችን ለአንድ ከሰዓት መሰላቸትም «ድብርት» ስለምንል፣ ሕመሙንም እንደዚያው በአንድ ሽርሽር የሚለቅ ይመስለናል።) ኤልያስ ከክትክታው ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገና ተኛ፣ ዳግመኛም ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው።

መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት አይደለም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ጽፏል። በአቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መነገሩን የሚያስታውሱ አሉ፤ የወንድምዎ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። እናትዎ ጸበል ቢወስዱት ደግ ነው፤ መድኃኒቱን ግን አያስጥሉት። በድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ያውካል፤ ሐኪሞችም ሕመምተኛው ከተሻለው በኋላ እንኳ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀጥል የሚያዝዙት ሕመሙ እንዳያገረሽ ነው። ለእኔ የነገሩኝን ስለ ነጠላው፣ ስለ ቡናውም፣ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም የንግግር ሕክምና ሊጨምር ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው የነገሩትን ብቻ ነውና።

ስለ ጾም፣ ሕሙም ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑ በፍትሐ ነገሥት የተጻፈ ነው። ከቁርባን በፊት ያለው የ18 ሰዓት ጾም ግን የንስሐ አባቱ ሁኔታውን አይተው የሚወስኑት ነውና በራሳችሁ አትፍረዱ። መድኃኒቱን በጾሙ ሰዓት ውስጥ የሚወስድ ከሆነ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጭንቁ በዚህ ይቀላል።

ስለ ሞት መናገር ከጀመረ፣ ወይም ንብረቱን ማደልና መሰናበት ካበዛ፣ ብቻውን አይተዉት፤ ለነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ለአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሩቅ አይደላችሁም።

እስከዚያው በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ቅዳሴ አይጎትቱት። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ከሰዓት ላይ ወደ ጊዮርጊስ አብራችሁ ውጡ፤ ከቅጽሩ ውስጥ ጥላ ፈልጋችሁ ጥቂት ተቀመጡ፣ መናገር ካልፈለገም አያናግሩት። ነጠላውን ደግሞ ዛሬ አጥበው አጣጥፈው ያስቀምጡለት።