ደመወዝተኛ ሆኖ ቤት ማከራየት፦ የሚከብደው የቱ ነው?

«የሙሉ ቀን ሥራ አለኝ። ጎን ለጎን በባንክ ብድር አንድ ቤት ገዝቼ ለማከራየት አስቤያለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ብሰጠው ይበቃል? ከሁሉ የሚከብደውስ ምንድን ነው?» ብለህ የጠየቅከው ወንድማችን፣ ሰላም። እኔም ደመወዝተኛ ነኝ፣ ዓመታት አከራይቻለሁ፣ አሁንም አከራያለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በድምሩ ከሄድን ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። እንዲያውም ይተርፋል። ችግሩ የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን አመጣጡ ነው። የኪራይ ቤት ሥራ በየሳምንቱ ተመጥኖ አይመጣም። ለወራት ድምፁን ያጠፋል፤ ኪራዩ ይገባል፣ ቤት እንዳለህም ትረሳለህ። ከዚያ ተከራይ የለቀቀ ሰሞን ቀለም ቀቢው፣ ቁልፍ ሠሪው፣ ደላላው፣ ቤት ሊያይ የመጣው ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይደውላሉ። የሚፈልጉህ ደግሞ ቀን ነው፣ አንተ ስብሰባ ላይ በተቀመጥክበት ሰዓት። የቧንቧ ሠራተኛ «ጠዋት እመጣለሁ» ካለህ ያ ጠዋት በሙሉ የእሱ ነው።

ስለዚህ «በሳምንት ስንት ሰዓት አለኝ?» የሚለውን ተወው። «በሥራ ቀን ድንገት ተነስቼ መሄድ እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ወይም ሆስፒታል ተረኛ የሆነ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ አይችልም። የማትችል ከሆነ በአንተ ቦታ በር የሚከፍት፣ የምታምነው ሰው ከግዢው በፊት ሊኖርህ ይገባል። ዘመድም ይሁን ተከፋይ፣ ይኑር ብቻ። ባለሙያም እንደዚያው ነው። ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛና ኤሌክትሪሺያን የሚፈለገው ቤቱ ውሃ ሲሞላ አይደለም። ቀደም ብለህ ትንሽ ሥራ ስጠውና እየው፤ በቀጠሮው ይመጣል? ዋጋውን ሥራው መሀል ላይ ይቀይራል?

አንዳንዱን ነገር ግን ከቢሮ ሳትወጣ በስልክ መፍታት ይቻላል። አንድ ተከራዬ «የውሃ ሂሳቡ አብጦ መጣ፣ ቆጣሪው ተበላሽቷል» ብሎ ደወለልኝ። ቧንቧዎቹን በሙሉ እንዲዘጋና ቆጣሪውን እንዲያይ ነገርኩት። ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር አሁንም ትዞራለች አለኝ። እንግዲያው ቆጣሪው ደህና ነው፣ ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሽንት ቤቱን ታንከር ከድኖ ያለውን ክዳን አንስቶ ትንሽ የምግብ ቀለም እንዲጨምርበት፣ ለግማሽ ሰዓትም ውሃ እንዳይለቅ ጠየቅኩት። ተመልሶ ሲያይ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም ይዟል። ታንከሩ ሥር ያለችው ላስቲክ አልቃ ኖሯል፤ ውሃው ያለ ድምፅ ቀን ከሌት ይወርዳል። ለላስቲኳ የሚከፈለው ገንዘብ የሚወራለት አይደለም። ያንን ባናይ ግን ግድግዳ ማስቆፈር ልንጀምር ነበር። እንዲህ ያለ ዕውቀት አከራይን ከብዙ ምልልስ ያድነዋልና ተማረው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው የሚያሰላው እንዲህ ነው፦ ኪራይ 100፣ የባንክ ክፍያ 80፣ በወር 20 ይተርፋል፣ በዓመት 240። ያምራል። ግን ቤቱ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያድር ከዓመቱ ኪራይ 1,200 ውስጥ 1,100 ይቀራል። አንድ ወር ባዶ ማለት ከዓመቱ ኪራይ 8.3 በመቶ ሄደ ማለት ነው፤ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ይህ ያጋጥማል። ለጥገና 10 በመቶ፣ ማለትም 110 አስቀምጥ። ለሚያስተዳድርልህ ሰው ሌላ 10 በመቶ ያዝ። እጅህ ላይ የቀረው 880 ነው። ባንኩ ግን በዓመት 960 ይፈልጋል። 240 ታተርፋለህ ያልከው ቤት ከደመወዝህ 80 ይወስዳል፣ ያውም ግብርና ኢንሹራንስ ሳይነሳ።

«አስተዳዳሪ አልቀጥርም፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ትለኝ ይሆናል። ራስህ ሥራው፣ ግን ክፍያውን ሂሳቡ ውስጥ አስገባው። ነገ ሌላ ከተማ ብትዛወር፣ ብትታመም ወይም ልጅ ብትወልድ ያንን ገንዘብ መክፈልህ አይቀርም። የአንተ ጉልበት በነፃ ካልተጨመረበት የማያዋጣ ቤት ኢንቨስትመንት አይባልም፤ ሁለተኛ ሥራ ነው፣ ያውም ደመወዝ የሌለው።

«ዕዳው እኮ እየተከፈለ ነው» የሚለው መጽናኛም ተመርምሮ ይታይ። በ12 በመቶ ወለድ በእኩል የወር ክፍያ ለ20 ዓመት ብትበደር፣ ከመጀመሪያው ወር ክፍያህ 91 በመቶ ገደማው ወለድ ነው። ዋናው ዕዳ ግማሽ የሚሆነው 15ኛው ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። የቤቱ ዋጋ ጨምሯል ቢሉህም ካልሸጥከው ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ የዚህን ወር ክፍያ አይከፍልልህም። እኔ ቢያንስ የስድስት ወር የባንክ ክፍያ በጥሬው ሳልይዝ አልገዛም። ይህ የእኔ ፈሪነት ነው፤ አንዳንዱ በሦስት ይደፍራል።

ተከራይ መረጣ ላይ ደመወዝተኛ የሚሸነፍበት ምክንያት አለ። ቤቱን በሥራ ቀን ደጋግሞ ማሳየት ስለማይችል መጀመሪያ የመጣውን «በቃ ግባ» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሊያዩ የሚፈልጉትን ሁሉ በአንድ የዕረፍት ቀን፣ በየሃያ ደቂቃው ቀጥራቸው። ከዚያ ለተከራዩ የቀድሞ አከራይ ደውል። አሁን ላለበት አከራይ ብቻ አትደውል፤ ሰውየው ሊገላገለው ከፈለገ ያሞግስልሃል። ከዚያ በፊት የነበረው ግን ምን ያስዋሸዋል?

የቀረውን ባጭሩ። ኪራይ በባንክ ይግባ፣ በር እያንኳኳህ አትሰብስብ። ተከራዩ ሲገባ ግድግዳና ወለሉን ፎቶ አንሳ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባቡን፣ የቁልፉን ብዛት ጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። ውሃ ካጥለቀለቀ፣ መብራት የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ወይም የውጭ በር አልዘጋ ካለ በሌሊትም ይደውል። የመጋረጃ ዘንግ ወለቀ ከሆነ በጽሑፍ ይላክ። ይህንን ገና ውሉን ስትፈርሙ ካልተነጋገራችሁ፣ ስልክህ ሲጮህ ከአንተ ይልቅ የትዳር ጓደኛህ ትሰለቻለች። እሷንም አስቀድመህ አማክራት፤ ግማሹን ስልክ የምታነሳው እሷ ልትሆን ትችላለች።

አንድ ነገር ቀብድ ሳትከፍል አድርግልኝ። ቤቱን በዕረፍት ቀን ብቻ አይተኸው ከሆነ፣ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከቢሮህ ተነስተህ ደርሰህ ተመለስ፤ የምሳ ሰዓትህ ካልበቃህ ቅርብ ነው ያሉህን አትመን። ከዚያ የምትጠብቀውን ኪራይና የባንኩን የወር ክፍያ እዚሁ ጻፍልን፣ አብረን እናስላው።