የአሉሚኒየሙን ውፍረት ከመጨመርሽ በፊት

እህቴ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሚሠራ የሙቀት ካሜራ የካንቲሊቨር ሴንሰር (በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ፣ አሉሚኒየም ተቀብቶ፣ የሙቀት ጨረር ሲያሞቀው የሚታጠፍ ስስ ምላስ) እየነደፍሽ፣ እጥፋቱ እንዲጨምር «አሉሚኒየሙን ላወፍር ወይስ በወርቅ ልተካው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም አምስት ኪሎ ለመመረቂያዬ ወራት የፈጀሁት በዚሁ ጥያቄ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወርቁን ተዪው። በአንድ ዲግሪ አሉሚኒየም ከሚሊዮን 23 ክፍል፣ ወርቅ 14 ክፍል ያህል ይለጠጣል፤ ከሥር ያለው ሲሊኮን ናይትራይድ የተባለው ሴራሚክ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ እጥፋቱ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ውፍረቱም ልክ አለው። ጠቅላላው ውፍረት ሳይለወጥ፣ የናይትራይድሽ ግትርነት 200 ጊጋፓስካል ከሆነ አሉሚኒየሙ የናይትራይዱን 1.7 እጥፍ ያህል ሲወፍር እጥፋቱ ጣሪያውን ይነካል፤ ከዚያ በላይ ብታወፍሪው ይቀንሳል።

የሚያስጨንቀኝ ግን ያልጠየቅሽው ነው። ፒያሳ አንድ የካውያ ጠጋኝ የቴርሞስታቱን ስስ ምላስ በጉጠት ይዞ ላይተር ሲያስጠጋበት ቆሜ አይቻለሁ። ሁለቱ የተጣበቁ ብረቶች ወዲያው ጎበጡ። ምላሱ ሙቀቱ ከላይተር ይምጣ ከካውያው አይለይም፤ የአንቺም ካንቲሊቨር እንዲሁ ነው። የምታዪው አካል በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሴንሰሩ የሚሞቀው ብዙውን ጊዜ የዲግሪ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ሴንሰሩ የቆመበት መሠረት በክፍሉ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ከፍ ካለ ስህተቱ ከምልክቱ 50 እጥፍ ይሆናል። አማካሪዬ ይህን ሲጠይቀኝ በዚያ ውብ እጥፋት የተኩራራሁበት ሲሙሌሽን ሁሉ ዋጋ አጣ።

መፍትሔው ሁለት ጥንድ እግሮች ናቸው። የውስጠኛው ጥንድ ከጨረር መምጠጫው ሰሌዳ ጋር ይያያዛል፤ የውጭኛው ከመሠረቱ ጋር ተያይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋል። በመካከላቸው አሉሚኒየም ያልተቀባ የናይትራይድ ድልድይ ይኑር። አሉሚኒየም ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያሳልፍ በድልድዩ ላይ ጥቂት እንኳ ከቀረ ልፋትሽ ከንቱ ነው። ክፍሉ ሲሞቅ ሁለቱ ጥንዶች ይካካሳሉ፤ ጨረር ሲመጣ ግን የሚታጠፈው የውስጠኛው ብቻ ነው።

አየሩንም አትርሺ። ለ10 ማይክሮን (የሚሊሜትር መቶኛ) ሞገድ የሚስማማው በሰሌዳውና በመሠረቱ መካከል ያለው ክፍተት የሞገዱ ሩብ፣ 2.5 ማይክሮን ነው። በ50 በ50 ማይክሮን ሰሌዳ ሥር ያለው አየር በቀጫጭኖቹ እግሮች ከሚያልፈው በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ያፈስሳል፤ ያለ ቫኪዩም (አየሩ ተመጥጦ ካልወጣ) አይሆንም። እግሩን ያለ ልክ አታርዝሚ፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልወጣ ምስሉ ይጎተታል፤ በሰከንድ 30 ምስል ከፈለግሽ የምላሹን ጊዜ ወደ 10 ሚሊሰከንድ አስጠጊው።

አሁን መሠረቱን በ1 ዲግሪ አሙቂና ሰሌዳው ስንት ናኖሜትር እንደተንቀሳቀሰ እዚሁ ጻፊልኝ።