ወይን ጠጅ ሳይጠጡ ማስጎብኘት

ውድ እህቴ፣

በቱሪዝም ማኔጅመንት ተመርቀሽ ሐይቅ ከተማ ከወላጆችሽ ጋር ተቀምጠሽ ሳለ፣ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ባቱ (ዝዋይ) ወዳለው የወይን እርሻ ለቅምሻ የሚሄዱ እንግዶችን እንድትመሪ ሥራ እንዳቀረበልሽ፣ አባትሽ ግን «ልጄን ያስተማርኩት ለመጠጥ ቤት አይደለም፤ ባንክ ተወዳደሪ» እንዳሉሽ ጽፈሻል። አንቺም መጠጥ ቀምሰሽ ስለማታውቂ «ሥራው ይሆነኝ ይሆን?» ብለሻል። እኔም ላሊበላ ማስጎብኘት ስጀምር ቤተሰቦቼ «ፈረንጅ ተከታይ» ይሉኝ ስለነበር ደብዳቤሽን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

አባትሽ ስለ ክብር ያነሡት ነገር ስሕተት ነው። ቀማሽ ብርጭቆውን በቀጭኑ አንገቱ ይዞ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አዘንብሎ ቀለሙን ያያል፤ አሽከርክሮ ያሸታል፤ ጥቂት ተጎንጭቶ አፉ ውስጥ ካዘዋወረ በኋላ አጠገቡ በተቀመጠው ዕቃ ይተፋዋል። የቡና ጥራት የሚመረምሩ ቀማሾቻችንም በማንኪያ እየሳቡ ሲተፉ ይውላሉ፤ ነውረኛ ያላቸው ሰው ግን አልሰማሁም። አንድ እንግዳ 50 ሚሊ ሊትር ያህል እየተቀዳለት ስድስት ዓይነት ቢቀምስና ሁሉንም ቢውጥ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ጠርሙስ ከሲሶ በላይ ነው። ስለዚህ እንግዶቹ ቀድመው ምሳ መብላታቸውን የሚያረጋግጥ፣ ውኃ የሚያቀርብና ወደ መኪና ሲመለሱ የሚቆጥራቸው ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ያልጠጣ ቢሆን ይመረጣል። አለመጠጣትሽ ጉድለት መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ሃይማኖትሽ ብርጭቆውን ለሌላ ሰው ማቅረብን እንኳ የሚከለክልሽ ከሆነ ግን ያንን እኔ ልፈታው አልችልም።

ለእንግዳ የምትነግሪው ነገር ያስፈልግሻል፤ እሱም በንባብና በመጠየቅ ይገኛል። ቀዩ ወይን ጠጅ ጭማቂው ከነልጣጩ ስለሚፈላ ቀለሙንና አፍ የሚያደርቀውን ጠባይ ከልጣጩ ያገኛል፤ ይህን ስሜት በጣም ከወፈረ ሻይ ታውቂዋለሽ። ለነጩ ግን ፍሬው አስቀድሞ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። ካስቴል የተባለው የባቱው ወይን ጠጅ አምራች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ የተባሉ ዝርያዎችን ያለማል፤ የመጀመሪያ ምርቱንም በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አቅርቧል። «ወይን በምድር ወገብ አጠገብ እንዴት ይበቅላል?» ብሎ የሚጠይቅሽ እንግዳ አይጠፋም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ እርሻ መሆኑንና ከፍታው አየሩን እንደሚያቀዘቅዘው ትነግሪዋለሽ።

በገንዘብ በኩል ግን አባትሽ የተሻለ አይተዋል። የሁለት ወንድሞችሽን ወጪ በየወሩ እልካለሁ ብለሽ ቃል ገብተሻል፤ ይህን ቃል መግባት አልነበረብሽም፤ ቤተሰብሽም ሊያስገቡሽ አይገባም ነበር። እንግዳ በብዛት የሚመጣው ከመስከረም እስከ ጥር ነው፤ ክረምት ላይ ጉርሻም እንግዳም የለም። በ2012 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ላሊበላን ባዶ ሲያደርጋት እኔን ያበላኝ ማታ ማታ አስተምረው የነበረው እንግሊዝኛ ነው። ቋሚ ደመወዙ በጽሑፍ ይቀመጥልሽ፤ ለአንድ ወቅት ሞክሪው፤ ለክረምቱም ሌላ ሥራ ከወዲሁ አዘጋጂ።

ውጭ አገር ሄደሽ ልትወስጂው ስላሰብሽው የወይን ጠጅ ሥልጠና፦ ለእሱ ሲባል የቤተሰብሽ ባሕር ዛፍ አይሸጥ። የእንግሊዝኛሽ ነገር አያሳስብሽ፤ በእንግሊዝኛ የጻፍሽው ደብዳቤ በቂ ማስረጃ ነው።

ሥራውን ከጀመርሽ በኋላ አባትሽን አንድ ቀን ባቱ ይዘሻቸው ሂጂ። ብርጭቆው የተደረደረበት ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ጉማሬና ጅብ ወደ ወይኑ እንዳይዘልቁ በእርሻው ዙሪያ የተቆፈረውን ቦይ አሳዪአቸው፤ ገበሬ ናቸውና ስለ ጥልቀቱ መጠየቃቸው አይቀርም።