አንዳንዴ ብቻ የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ለጀማሪ ጠጋኞች

በኮምፒውተር ጥገና ለምትሰማሩ ወጣቶች፣

ጨርሶ አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ብዙ አያስቸግርም፤ ብልሽቱ የትም ስለማይሄድ ዕቃ እያቀያየራችሁ ታገኙታላችሁ። ጠጋኝን የሚፈትነው አንዳንዴ ብቻ የሚጠፋው፣ ባለቤቱ ዘንድ ታሞ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚድነው ነው። ይህ ሲገጥማቸው ብዙዎች መጀመሪያ ዊንዶውሱን ፎርማት ያደርጉታል። እኔም አደርገው ስለነበር፣ ከምወቅሳቸው ይልቅ የተማርሁበትን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጆቻቸውን ኮምፒውተር አመጡልኝ፤ በሥራ መካከል ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሣል። ሁለት ቀን ሱቄ ውስጥ ሲሠራ ዋለ፤ አልጠፋም። የራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጥርሶች በላጲስ አጸዳሁ፣ ለማንኛውም ብዬም ራሙን በአዲስ ቀየርሁትና ሂሳቤን ተቀበልሁ። በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ።

ስህተቴ ሁለት ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠፋ ኮምፒውተር ሁለት ቀን ዝም ቢል መዳኑን አያሳይም፤ ጥገናው ሠርቷል ለማለት በሁለት ብልሽቶች መካከል ከታየው ረጅሙ ጊዜ ሁለት ሦስት እጥፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። የከፋው ግን ሁለተኛው ነው፤ የሱቄ መብራት ቮልቴጁን በሚያስተካክለው ስታቢላይዘር እንደሚያልፍ ዘንግቼ፣ ሕመምተኛውን ከሚያሳምመው ነገር አርቄ መርምሬዋለሁ።

በዚህ ጊዜ ዕቃ መቀየሩን ትቼ ደብተር ሰጠኋቸውና በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እንዲሁም በቤቱ ውስጥ ሌላ ምን እንደበራ እንዲጽፉልኝ ለመንኋቸው። ዊንዶውስም ኢቨንት ቪውወር በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ከርነል ፓወር 41 በሚል መስመር ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ይመዘግባል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም፣ ስለዚህ መስመሩን አይታችሁ የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚመጥነው በፓወር ሰፕላዩ ላይ አትፍረዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስገልጥ የተመዘገበው ሁሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ከረፋድ በኋላ ነበር። እንጀራ የሚጋገርባቸው ቀናት ናቸው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ቤታቸው ሄጄ በመልቲሜትር ስለካ፣ ከቆጣሪው የተዘረጋው ሽቦ ቀጭንና ረጅም ስለነበር፣ ምጣዱ ሲበራ የሶኬቱ ቮልቴጅ ወደ 180 ወረደ። እዚያው ሶኬት ላይ የሰካሁት የራሴ ኮምፒውተር ግን አልጠፋም። የመብራቱ መውረድ ቀስቃሽ እንጂ ብቸኛው ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው፤ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ የግብዓቱን መዋዠቅ ካፓሲተሮቹ ባጠራቀሙት ኃይል ይሸፍናል፣ ካፓሲተሮቹ ያረጁበት ግን አይችልም። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው የ12 ቮልት መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ይፈቀድለታል፤ ሆኖም መልቲሜትር የቅጽበት መውረድን ስለማይዝ 12.1 አነበብሁ ብላችሁ ፓወር ሰፕላዩን ነጻ አታውጡት። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሁሉም ምክንያት መብራት አይደለም። ከባድ ሥራ ከተጀመረ ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ በአቧራ የታፈነ ፋን ሊኖረው ይችላል፤ ጠረጴዛው ሲነካ ባለበት የሚደርቀው የላላ ኬብል ይኖረዋል፤ በየጊዜው የተለያየ የስህተት መልእክት የሚያወጣውን ደግሞ ራምን የሚፈትነውን ሜምቴስት የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ አሳድሩት፣ አንድ ስህተት እንኳ ቢያሳይ ራሙን፣ ቀጥሎም ራሙ የሚሰካበትን ማስገቢያ ተጠራጠሩ። በየትኛውም ቢሆን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ለውጣችሁ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

እኔም ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ቀየርሁና ለአራት ሳምንት ደብተሩን እንዲቀጥሉ ጠየቅኋቸው። ሲመልሱልኝ ስምንት መስመር ተጽፎበታል፤ በስምንቱም ከቀኑ አጠገብ «ተጋገረ፣ አልጠፋም» ይላል። ሂሳቤን የተቀበልሁት ያን ዕለት ነው፣ የራሙን ዋጋ ቀንሼ።