ወደ አይቲ ልመለስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አይቲ ተምራችሁ ወይም ሠርታችሁ ኑሮ ወደ ሌላ ሥራ የወሰዳችሁ ብዙ ናችሁ። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን ልመልስ።

«በ2003 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅሁ። ሥራ ሲጠፋ ባንክ ገባሁ፤ እስከ ዛሬ ቅርንጫፍ ላይ ነኝ። የተማርኩትን ረስቼዋለሁ። ከየት ልጀምር?» (ከአዲስ አበባ)

ከዚያው ከባንክሽ ጀምሪ። ብዙ ሰው ወደ አይቲ መመለስ ሲባል የሚታየው ሥራ ለቅቆ፣ ስድስት ወር ዌብሳይት መሥራት ተምሮ፣ ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጋር መሰለፍ ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ መጨረሻ ትቆሚያለሽ። ባንክሽ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዲጂታል ባንኪንግ ክፍሉም፣ የኤቲኤም ክትትሉም፣ የኮር ባንኪንግ (የባንኩ ዋና የሒሳብ ሲስተም) ድጋፉም «ከሒሳቤ ተቆርጧል፣ ማሽኑ ግን ብሩን አልሰጠኝም» ሲባል ምን እንደተፈጠረ የሚገባው ሰው ይፈልጋሉ። አንቺ ያንን ደንበኛ ስንቴ አረጋግተሽ ሸኝተሻል? ኮድ የሚችለው ልጅ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ለምን አልገጥም እንደሚል አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልማር ብትዪኝ ኤስኪውኤል እልሻለሁ፤ ከመረጃ ቋት መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የተማርሻቸው ሴሌክትና ጆይን የሚባሉት ትእዛዞቹ ዛሬም ያው ናቸው። ፖስትግሬስ የሚባለውን የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፤ ነጻ ነው። የራስሽን የውሸት ቅርንጫፍ ሥሪበት፦ ደንበኞች፣ ሒሳቦች፣ ዝውውሮች። በቀን አንድ ሰዓት፣ ለሦስት ወር። የባንኩን እውነተኛ መረጃ ግን ለልምምድ ብለሽ እንዳትነኪ፤ በዚህ ቀልድ የለም። የውስጥ ማስታወቂያ እስኪወጣ ደግሞ አይቲ ክፍል ካሉት አንዱን ቡና ጋብዢ፤ ምን እንደጎደላቸው ጠይቂ።

ሐምሌ 2016 ላይ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነጻ ሥልጠናም ለማሟሟቂያ አይከፋም። ሰርተፊኬቱ ላይ ብቻ እንዳትተማመኚ እንጂ። ከስሙ እንደምታዪው፣ ሊይዘው የታሰበው ሰው 5 ሚሊዮን ነው!

«አዲስ አበባ ኔትወርክ አድሚን ነበርኩ። የማይክሮሶፍት ኤምሲኤስኢና የሲስኮ ሲሲኤንኤ ሰርተፊኬት ነበረኝ። አሜሪካ ከመጣሁ 9 ዓመቴ፣ ኡበር እነዳለሁ። ወረቀቶቼ ይሠራሉ?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አይሠሩም፣ ወንድሜ። ኤምሲኤስኢን ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ዘግቶታል። ሲሲኤንኤ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው፤ ፈተናውም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀይሯል። ዕውቀቱ ግን አላረጀም። ኔትወርክ የሚከፋፈልበት የሰብኔት ሒሳብ ያው ነው። የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስም ድሮ በሚበላሽበት መንገድ ዛሬም ይበላሻል።

ደግሞ የምትኖርበትን ቦታ አስበው። ወደ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ስታደርስ እነዚያን መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች አይተሃቸው የለ? አሽበርንና አካባቢው በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር (ሰርቨሮች የሚቀመጡባቸው ሕንፃዎች) ክምችት ያለበት ነው። ሰርቨር የሚሰቅል፣ ዲስክ የሚቀይር፣ ፋይበር የሚዘረጋ ቴክኒሻን ይፈልጋሉ። የሌሊት ፈረቃ አለው፤ ለኡበር ሹፌር ሌሊት ብርቅ አይደለም። ሲሲኤንኤውን እንደገና ተፈተንና ለዚያ አመልክት። ዜግነት ካለህ ሴኩሪቲ ፕላስ የተባለውን የሳይበር ደህንነት ሰርተፊኬት ጨምርበት፤ ከፔንታገን ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች ይጠይቁታል። ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ግን ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ) የሚጠይቀውን ሥራ ለጊዜው ተወው።

«ሦስት ወር እናሠለጥንሃለን፣ የ5 ዓመት ልምድም ሲቪህ ላይ እንጽፍልሃለን» የሚልህ ሰው ከመጣ ሽሽ። ቃለ መጠይቁን ብታልፍ እንኳ በሁለተኛው ሳምንት ሰርቨሩ ሲወድቅ አጠገብህ አይኖርም።

«6 ዓመት የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ መሥራቴን ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?» (ከሀዋሳ)

ጻፈው። እኔ ዘልዬው አይቻለሁ። አራት ዓመት የአባቴን የእህል ንግድ ሠርቼ ስመለስ ጊዜውን «የግል ፕሮጀክቶች» ብዬ ሸፈንኩት። ቃለ መጠይቅ ላይ «እስቲ አንዱን ንገረን» ተባልኩ። ላቤ ጠብ አለ። ሥራውን አላገኘሁም፤ ማግኘትም አይገባኝም ነበር። ቀጥሎ የሄድኩበት ቦታ «ጤፍ እሸጥ ነበር» አልኩ። ጠያቂው ሳቀ። ስለ ጤፍ ዋጋ አሥር ደቂቃ አወራን፤ ከዚያ ክምችቱን በምን እንደምመዘግብ ጠየቀኝ። በኤክሴል፣ አልኩት። ሥራው ለካ የመጋዘን ሶፍትዌር ድጋፍ ነበር።

አንተም በሁለት መስመር ጨርሰው፦ ምን ትሸጥ ነበር፣ ዕቃውን በምን ትከታተል ነበር። ስልክ ፈትተህ የምትጠግን ከነበረማ እሱን ከላይ አድርገው።

«41 ዓመቴ ነው። ኤአይ ኮዱን እየጻፈ እኔ ልመለስ ማለቴ እብደት አይደለም?» (ከአዳማ)

ዕድሜዎ አያሳስበኝም። ተስፋዎን የጣሉት ጀማሪ ኮድ ጸሐፊ መሆን ላይ ብቻ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከብዷል። ኤአይ ስህተቱንም በሙሉ ልብ ነው የሚጽፈው፤ ስህተቱን ለማየት ሥራውን ማወቅ ይጠይቃል። እርስዎ እስካሁን ምን ሲሠሩ እንደቆዩ አልነገሩኝም። ሒሳብ? ጤና? ጉምሩክ? እሱን ጨምረው ይጻፉልኝና በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ እንነሳ።