ተሳቢው ለምን ጭራውን ይቆላል?

ጥያቄ፦ 4.7 ሜትር ርዝመት ያላትን የፋይበር ግላስ ጀልባ ከ40 የፈረስ ጉልበት ሞተሯ ጋር ከአንድ ወዳጄ ገዛሁ። ተሳቢ ስላልነበራት፣ በምኖርበት በቢሾፍቱ ያለ አንድ በያጅ ከአሮጌ የቤት መኪና አክስልና ባሌስትራ ገጣጥሞ ለሌላ ጀልባ ሠርቶት የነበረውን ተሳቢ ሸጠልኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ላንጋኖ ወስጃታለሁ፤ በሁለቱም ጉዞ ፍጥነቴ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። የጀልባዋ የኋላ ጫፍ ከመደገፊያ እንጨቶቹ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ተንጠልጥሏል። ጀልባዋ ላዩ ላይ እያለችም ከመኪናው ጋር የሚያያዘውን የተሳቢውን አፍ በአንድ እጄ አነሣዋለሁ። በያጁ «ኋላውን በ40 ሳንቲ ሜትር ላስረዝምልህ» ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ፊት ለፊት ግማሽ ኩንታል አሸዋ እንድጭን ይመክረኛል። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። የጻፉልን ሁለት ችግሮች፣ ማለትም መወዛወዙና የኋላዋ መንጠልጠል፣ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ጀልባዋ በተሳቢው ላይ የተቀመጠችው ከሚገባት ቦታ ወደ ኋላ ሸሽታ ነው። የዊንቹ (ጀልባዋን ወደ ተሳቢው የሚጎትተው መጠቅለያ) ምሰሶ የተበየደው ለሌላ ጀልባ አፍንጫ በመሆኑ የእርስዎን ወደ ኋላ ገፍቷታል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብረት ወይም አሸዋ መጨመር ሳይሆን ጀልባዋን ወደፊት ማምጣት ነው።

በአንድ እጅ አነሣዋለሁ ያሉት ነገር ከደብዳቤው ሁሉ የበለጠ አስደንግጦናል። የጀልባ ተሳቢ አፉ በሚያያዝበት በመኪናው ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በነፋስ፣ በጎርባጣ መንገድ ወይም በሚያልፍ የጭነት መኪና ግፊት ትንሽ ወደ ጎን ሲል ውዝዋዜው ራሱን እያጎላ ይሄዳል፤ መኪናውንም ከመንገድ እስከ ማውጣት ሊደርስ ይችላል። እስኪስተካከል ድረስ መውጣት ግድ ከሆነብዎ ከ50 አይለፉ፤ ከተወዛወዘም ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ እንጂ ፍሬን በድንገት አይርገጡ፣ መሪውንም አይጠምዝዙ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። በእርስዎ ጀልባ ርዝመት ያለ ቀፎ 350 ኪሎ፣ ሞተሩ 100 ኪሎ፣ ነዳጁ፣ ባትሪውና ዕቃው 50 ኪሎ ቢሆን 500 ኪሎ ይሆናል። ተሳቢውን 200 ብንለው ድምሩ 700 ነው። ከዚህ 5 በመቶው 35፣ 10 በመቶው 70 ኪሎ ስለሆነ 50 ኪሎ አካባቢ ብንይዝ መልካም ነው። የእርስዎ አሁን ያለውን ለማወቅ የሰው መመዘኛ ሚዛን ጠንካራ ሣጥን ላይ ያስቀምጡና የተሳቢውን አፍ ሚዛኑ ላይ ያሳርፉ፤ የሣጥኑና የሚዛኑ ቁመት አንድ ላይ ተሳቢው ከመኪናው ጋር ሲያያዝ ካለው ከፍታ ጋር እኩል መሆን አለበት። ነዳጁም ዕቃውም ለጉዞ እንደሚጫነው ይጫን፤ ባዶ ጀልባ መዝኖ ሙሉ ጀልባ መጎተት ራስን ማታለል ነው።

ሚዛኑ 12 ኪሎ አሳየ እንበል። ከኳሱ እስከ አክስሉ 3.5 ሜትር ከሆነ፣ 500 ኪሎ የምትመዝነውን ጀልባ 25 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ማምጣት በኳሱ ላይ 36 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ 500 በ0.25 ተባዝቶ ለ3.5 ሲካፈል ማለት ነው። 12 የነበረው 48 ሆነ። ተንጠልጥሎ የነበረው የኋላ ጫፍም በዚያችው 25 ሳንቲ ሜትር እንጨቱ ላይ ዐረፈ።

የበያጁን ሐሳብ ያልተቀበልነው ለዚህ ነው። ኋላውን ማስረዘም ጀልባዋን ይደግፋታል፤ ነገር ግን ከአክስሉ ኋላ ብረት ስለሚጨምር አፉን ይበልጥ ያቀለዋል። አሸዋው ደግሞ ሚዛኑ ላይ ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ ይሁን እንጂ የኋላው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፤ ከአክስሉ ርቆ በሁለቱም ጫፍ የተቀመጠ ክብደትም ውዝዋዜው አንዴ ከተነሣ ለማቆም አስቸጋሪ ያደርገዋል።

መንጠልጠሉን አቅልለው እንዳያዩት። ከጀልባዋ ዕቃ ሁሉ ከባዱ ሞተሩ ሲሆን የተሰቀለውም በዚያው በኋላ ግድግዳ ላይ ነው። ከሞጆ እስከ ዝዋይ ባሉት ከተሞች ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እያንዳንዱ ያንን 100 ኪሎ አንሥቶ ይጥለዋል። እንዲህ በከረመች ጀልባ ሆድ ላይ እንጨቱ በሚያልቅበት መስመር ጎርበጥ ያለ እጥፋት ይፈጠራል። ያ እጥፋት ውኃ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ፍጥነቷንም ይበላል። ከሆዷ ሥር ገብተው ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ከኋላ ግድግዳው አንሥቶ ወደፊት በማስጠጋት በመካከሉ ብርሃን የሚያልፍ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ ካለፈ እጥፋቱ ተፈጥሯል ማለት ነው።

ሥራውን ሲያሠሩ የዊንቹን ምሰሶ ያስቆርጡና ከ25 እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ይውሰዱት፤ የኋላ ግድግዳው ከእንጨቶቹ ጫፍ ጋር እኩል ወይም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መዋል አለበት። በዚህ ጊዜ ግን በብየዳ ሳይሆን ሞፈሩን ከላይና ከታች በሚያቅፍ ላሜራና በቡሎን ይታሰር፤ ነገ ሞተር ቢቀይሩ ዳዶ መፍታት ይበቃዎታል። (ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ረጅም ብረት ሞፈር ማለታችን ከእርሻው ስም የተሻለ ስላጣንለት ነው።) የአፍንጫዋ ቀለበት ምሰሶው ላይ ካለው የአፍንጫ ማቆሚያ ጎማ ሥር እንዲገባ ቁመቱን ያስተካክሉ፤ ያኔ በፍሬን ጊዜ ጀልባዋ ማቆሚያው ላይ ልትወጣ አትችልም።

አንድ ነገር ከመቁረጥ በፊት መለካት አለበት። መኪናው በጠባብ ቦታ ሲዞር ወደፊት የመጣው አፍንጫ የኋላ በሩን ሊነካ ይችላል። የሚነካ ከሆነ ሞፈሩን ያስረዝሙት፤ ለዚህ ተሳቢ ብረት የሚጨመርበት ትክክለኛ ቦታ ቢኖር ያ ብቻ ነው፤ ረጅም ሞፈር ወደ ኋላ ሲነዱም አይደናገጥም። ከዚያ በኋላ እንደገና ይመዝኑ። ጥቂት ኪሎ ከጎደለ አክስሉን ከነባሌስትራው ወደ ኋላ ማንሸራተት ይቻላል፤ 10 ሳንቲ ሜትር በእርስዎ ተሳቢ ላይ 20 ኪሎ ገደማ ይጨምራል።

የመደገፊያ እንጨቶቹ ስፋትም የድሮው ጀልባ ስፋት ሊሆን ስለሚችል የጀልባዎን ሆድ በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ያዳምጡ፤ ድምፁ ድፍን በሚሆንበት፣ የውስጥ አጥንቷ ባለበት መስመር ሥር እንጨቶቹን ያስገቡ። ለእንጨት የሐበሻ ጥድ ከተገኘ መበስበስን ይቋቋማል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል። ባሌስትራውም ሰው ለሚጭን መኪና የተሠራ እንደሆነ ከረረ ማለቱ አይቀርም፤ ጀልባዋ ከተንቀጠቀጠች አንድ ቅጠል ያስወጡለት።

ኩሽኔታውን ግን ይህ ሁሉ ሳይጀመር ያስፈትሹ። ሐይቅ ዳር እንደ ደረሱ ኩሽኔታው ያለበት ትኩስ የጎማ እምብርት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተርና ውኃ ይስባል፤ ግራሶው ይታጠባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ጎማውም በሌላ ቀን መንገድ ላይ ይነቀላል። ውኃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት፤ የመብራቱንም ገመድ ከመኪናው ይንቀሉ። ሲመለሱ የውኃ ማስወጫውን ክዳን ይክፈቱ፤ ዝዋይን ወይም ቆቃን ከጎበኙም በአክስሉና በእንጨቶቹ መካከል የተሸጎጠ የእንቦጭ ቁራጭ ይዘው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች እንዳይመጡ አጥርተው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣ መኪናዬ ላይ የተገጠመው ኳስ ከአውሮፓ በመጣው የጀልባ ተሳቢዬ አፍ ውስጥ በግድ ይገባል፤ መቆለፊያው ግን ሙሉ በሙሉ አይወርድም። በሽቦ ባስረው ይበቃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይበቃም። የአውሮፓ ተሳቢ አፍ የተሠራው ለ50 ሚሊ ሜትር ኳስ ሲሆን፣ የእርስዎ ኳስ ባለ 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆንም መቆለፊያውን ለመከልከል በቂ ነው፤ ያልተቆለፈ አፍ ደግሞ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ኳሱን ይለቃል። የሚቀየረው ኳሱ ነው፤ ዋጋውም ከአፉ ያነሰ ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ አናቱ ላይ ተቀርጾበታል፤ ተፍቆ ከጠፋ በካሊፐር ያስለኩት። ሁለቱን የደኅንነት ሰንሰለቶች ደግሞ ከሞፈሩ ሥር በመስቀል አቆራርጠው ከመኪናው ጋር ያያይዟቸው፤ አፉ ቢለቅ እንኳ ሞፈሩ አስፋልቱን ሳይነካ ሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል።