ስብርባሪውን አትጣሉት

ምህንድስና ለምትማሩ ልጆቼ፤

የሞዴል ድልድይ ውድድር እንዴት እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ከፓስታ ወይም ከአይስክሬም እንጨት የተሠራው ድልድይ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ይጋደማል፤ ከመሃሉ ባልዲ ተንጠልጥሎ አሸዋ ይጨመርበታል። ቀጭ ሲል አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ስንት ኪሎ እንደቻለ ይመዘገብና ስብርባሪው ተጠርጎ ይጣላል። ይህ ጥርጊያ ሁሌም ያናድደኛል፤ ዋናው ትምህርት የሚጣለው ከእሱ ጋር ነውና።

አሸዋውን ከመጨመራችሁ በፊት በስንት ኪሎ እንደሚሰበርና የትኛው ዘንግ ቀድሞ እንደሚሰበር ገምታችሁ ጻፉ። ሳትገምቱ ከሰበራችሁት ያያችሁት ትርኢት ነው። ጭነት ሲያርፍበት የድልድዩ ታች ይወጠራል፣ ላዩ ይጨመቃል። አንድ ዘንግ ፓስታ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ብትስቡት በቀላሉ አይበጠስም፤ ከሁለት ወገን ብትገፉት ግን ወዲያው ይጎብጣል። የዘንጉን ርዝመት በግማሽ ብታሳጥሩት፣ ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ላዩ ጎብጦ ከተሰበረ ሌላ ፓስታ አትደራርቡበት፤ ወገቡ ላይ ደግፉት። የተላቀቀው መገጣጠሚያው ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የኮላው ነው፤ ንድፉን አትኮንኑ።

ይህን የልጆች ጨዋታ ነው የሚላችሁ ካለ «ብሪታኒያ» ስለተባለው ድልድይ ንገሩት። መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን በዌልስ፣ በሜናይ የባሕር ወሽመጥ ላይ ባቡር በብረት ቱቦ ውስጥ ሊያሳልፍ ሲያስብ፣ ወደ 140 ሜትር የሚጠጋ ርቀት በቱቦ ያሻገረ ሰው አልነበረም። ሌላው መሐንዲስ ዊልያም ፌርቤርን ለንደን በነበረው የመርከብ መሥሪያው ውስጥ ክብ፣ ሞላላና አራት ማዕዘን ቱቦዎችን እያሠራ ሰበረ። ታቹ ይበጠሳል ሲባል ላዩ ቀድሞ ጎበጠ፤ የተሻለው ቅርጽም አራት ማዕዘኑ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የእውነተኛውን አንድ ስድስተኛ የሚያህል ሞዴል ሠርተው ሰበሩት። አልጣሉትም። የተሰበረበትን ቦታ ብቻ ጠግነውና አጠናክረው እንደገና ጫኑት፤ ደጋግመውም እንዲሁ አደረጉ። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ከቻለው ከእጥፍ በላይ ተሸከመ። ቱቦውን እንዲያግዙ የታሰቡት ሰንሰለቶች አላስፈለጉም። ድልድዩ በ1850 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ማማዎቹ ለሰንሰለት ታስበው እንደረዘሙ ቀርተው ነበር። (ሰንሰለት ያላስፈለገው ማማ ከጌጥ በላይ ደስ ያሰኘኛል።)

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሞዴላችሁን ልኬት ሁሉ አሥር እጥፍ ብታሳድጉት ክብደቱ ሺህ እጥፍ ይሆናል፤ የዘንጎቹ ጥንካሬ የሚወሰንበት፣ ዘንጉ ተቆርጦ የሚታየው ገጽ ስፋት የሚያድገው ግን መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ የጀገነ ድልድይ ወንዝ ላይ የገዛ ክብደቱን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ፌርቤርንም የሒሳብ ሰው የሆነውን ኢተን ሆጅኪንሰንን ከጎኑ ያደረገው የሞዴሉን ውጤት ወደ ትልቁ በስሌት ለማሻገር ነው።

እንግዲህ ሁለተኛውን ድልድይ ሥሩ። ክብደቱን ከመጀመሪያው አታስበልጡ፤ የተሰበረበትን ቦታ ብቻ ለውጡ። ሲሰበር በስልካችሁ ቀስ ባለ እንቅስቃሴ ቅረጹት፤ ዓይን የትኛው እንደቀደመ አይለይም። አሸዋውንም በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ እንጂ አትድፉበት። ውድድር የምታዘጋጁ መምህራንም ሽልማቱን በመጀመሪያው ቀን አትስጡ፤ ስብርባሪውን ለልጆቹ መልሱና ከሳምንት በኋላ የሚያመጡትን መዝኑ።